የጓሮ ሒሳብ

ሕፃናት የሚያስተምር ሰው ውሎ አድሮ ትልቅ ሰው የሚባል ፍጥረት መኖሩን ይረሳል። እንዲህ ያለ አስተማሪ ያልገጠመው ወላጅ የለም። የእኛዋ ክብርት ቲቸር ግን የባሱ ነበሩ።

ገበያ መሀል ቢያገኙኝ ሰላምታ ብሎ ነገር የለም። በሁለት እጄ ሁለት ድንች ያስይዙኝና "የቱ ይከብዳል? እስቲ ገምት" ይላሉ። እገምታለሁ። "እንዴት አወቅህ?" ይከተላል። ከዚህች ጥያቄ ያመለጠ ሰው አላውቅም፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተጠይቋል፣ ዳይሬክተሩ ተጠይቀዋል፣ ወለምታቸውን ያከመላቸው ሐኪም እንኳ ተጠይቋል።

ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ልጆቹን ይዘው ጓሮ ይወጣሉ። እንጨት ከረጅም ወደ አጭር ያስደረድራሉ፣ ቅጠል በየመልኩ ያስለያሉ፣ ባልዲው በስንት ጣሳ ውሃ እንደሚሞላ ያስገምታሉ። ልጄ ጭቃ በጭቃ ሆና ትመጣለች፤ ደብተሯ ግን ንጹሕ ነው። ባለቤቴ ታገሠች፣ ታገሠችና በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሳች።

"ቲቸር፣ ልጄ እስካሁን አንድ ቁጥር አልጻፈችም። ሒሳብ የምትማረው መቼ ነው?"

"ልብሷን የሚያጥብላት ማነው?" አሉ ቲቸር።

"እኔ ነኛ።"

"እንግዲያው ደብተሯን በሳሙና እያጠብሽው ነው።"

ወላጅ ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀችም። ማታ ቤት ስንገባ "ለከርሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው" ብላ ቆረጠች፤ እኔም ተስማማሁ።

ልጃችን ለከርሞ አልደረሰችም። ክረምቱ ሲገባ ሳንባ ምች ያዛት፤ ሐኪም ቤት እንደወሰድናት ቀረች።

ቤታችን በሰው ተሞላ። የሚመጣው ሁሉ "አይዟችሁ፣ በርቱ፣ ሌላ ልጅ ይሰጣችኋል" ይላል። ስለ እሷ ግን አንዲት ቃል የሚተነፍስ ጠፋ፤ እንዳይብስብን ፈርተው ይመስለኛል። ባለቤቴ እንባ እምቢ ብሏት ግድግዳውን እያየች ትውላለች።

ቲቸር መጡ። ከባለቤቴ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ እንደ ተራ ወሬ ጀመሩ።

"አንድ ቀን ጠጠር እኩል እንዲካፈሉ ሰጠኋቸው። ያንቺ ልጅ ናት ያደለችው። አንዲት ጠጠር ተረፈች። ሁሉም 'ለእኔ፣ ለእኔ' ሲሉ፣ እሷ ይዛት ሄደችና ከለቀምንበት ቦታ መለሰቻት። ምነው ብላት..."

አክስቴ በዓይኗ ልታስቆማቸው ሞከረች።

"ምን አለችዎት?" አለች ባለቤቴ።

"'እናቷ ትፈልጋታለች' አለችኝ።"

ባለቤቴ ያን ጊዜ አለቀሰች። ቲቸር ሊነሱ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው። "ሌላስ?" አለች። ሌላም ነገሯት። እስኪመሽ ነገሯት። ልጄ ዝናብ ሲመጣ የማን ጫማ ብዙ ውሃ እንደሚይዝ ለመለካት ጓደኞቿን ሁሉ ባዶ እግራቸውን እንዳስቀረች የሰማሁት የዚያን ቀን ነው።

ቲቸር ዛሬም እኛ ዘንድ ብቅ ይላሉ። አዲስ የሚነግሩን ካለቀባቸው ቆየ፤ የነገሩንን ይደግሙልናል። ዕድሜ ነውና አንዳንዱ ይምታታባቸዋል። ባለቤቴ "እንደሱ አልነበረም፣ ቲቸር" ብላ ታርማቸዋለች፤ እሳቸውም "እውነትሽን ነው" ይሉና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።