በረንዳ ላይ የተለካው አውሮፕላን

ትኬት ሻጭን ያለዕድሜው የሚያሸብት ተሳፋሪ በየከተማው አንድ አይጠፋም። ሌላው ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ ስንት ኪሎ ሻንጣ እንደሚፈቀድ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። ይሄኛው ግን ወንበር ስቦ ይቀመጥና «አውሮፕላኑ ምን ዓይነት ነው?» ይላል። ትነግረዋለህ። «እርግጠኛ ነህ?» ይልሃል። ሽበቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ፣ የህንዷ የቲሩር ከተማው፣ ክቡር አላዊ ኢካ ናቸው። ኢካ የምንለው ታላቅ ወንድምን ነው፤ እሳቸው ግን የአየር መንገዶች ሁሉ አማት ናቸው። ዕድሜያቸውን ጂዳ ውስጥ ልብስ ሲሰፉ ኖረው ስለተመለሱ ዓለምን የሚያዩት በሜትር ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዱባይ ሊሄድ ሲል ትኬት ቤቴ ድረስ ይዘውት መጥተው፣ «ይሄ ልጅ ቅልጥሙ ረጅም ነው፣ ያቺ ጠባቧ አውሮፕላን አትሆነውም» ብለው ትኬቱን አስቀየሩኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አየር መንገዱ ትኬት ከቆረጥን በኋላ አውሮፕላን ቀየረ ብለው የድርጅቱን ስልክ የምታነሳዋን ልጅ አፋጠጧት። «ሙሽራ ሱሪ አዞኝ ቀሚስ ሰፍቼ ብሰጠው ዝም ይለኛል?» አሏት። ልጅቷ ስልኩን ለአለቃዋ አቀበለች፤ አለቃዋም ለሌላ አለቃ።

እኔ መቼም የተማርኩትን መልስ እደግማለሁ። «ኢካ፣ የሸጥንልዎ እኮ ወንበር ነው እንጂ አውሮፕላን አይደለም።»

«ወንበሩ ታዲያ ምን ላይ ነው ያለው? ደመና ላይ?»

ኮምፒውተሬ ላይ አቀረቅራለሁ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። እናታቸው ኡማ ፓቱማ ከእሳቸው ጋር ለዑምራ መካ ሊሄዱ ሆነ። ኡማ ከወደቁ ወዲህ ቀኝ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ እንደ ዘነዘና ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ካዕባን ሳያዩ መሞትን ደግሞ አጥብቀው ይፈራሉ። ክቡርነታቸው ሰፊውን አውሮፕላን መረጡ፤ ከፊቱ ግድግዳ ብቻ ያለውን፣ እግር የሚዘረጋበትን ወንበር ለእናታቸው አስያዙ። ይሄ አልበቃቸውም። በረንዳቸው ላይ የፕላስቲክ ወንበሮች ደረደሩ፣ መሃል ለመሃል መተላለፊያ አበጁ፣ ሁሉንም በስፌት ሜትር ለኩ። ጎረቤቱን ተሳፋሪ አድርገው ኡማን ያለማምዱ ጀመር። እኔን አስተናጋጅ አደረጉኝ፤ ሻይ አዞርኩ፣ ቀበቶ አሰርኩ፣ በፈገግታዬ ማነስ ተወቀስኩ።

ከዚያ ስልኬ ላይ ከአየር መንገዱ መልእክት መጣ። አውሮፕላኑ ተቀይሯል፤ ጉዞው በጠባቡ ነው። በጠባቡ ላይ የፊተኛው ረድፍ የባለጸጋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ተሳፋሪ ጉልበቱን ከፊተኛው ወንበር ጀርባ ጋር እያሻሸ ነው የሚሄደው። ጂዳ ደግሞ ቅርብ አይደለም።

«ከመውጫው በር ጎን ሰፊ ቦታ አለ» አሉ ኢካ።

«እግሩ የማይታጠፍ ሰው እዚያ አይቀመጥም፣ ደንብ ነው።»

«እግሯ ቢታጠፍማ እዚያ ምን አስቀመጣት?»

ቀን እናዛውር ብንል ቪዛው ያልቃል። ሌላ አየር መንገድ ብንል ቦታ የለም። አላዊ ኢካ እንቅልፍ አጡ። የበረንዳውን ወንበሮች በጠባቡ ልክ አቀራረቡ፣ ለኩ፣ እንደገና ለኩ። ወንበሩ ያው ወንበር፣ እግሩም ያው እግር ነው። ጠዋት ትኬት ቤቴን ስከፍት ደጃፉ ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ። «መልሰው አልቀየሩትም?» ይሉኛል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

የጉዞው ቀን ከዘመድ አዝማዱ ጋር በጂፕ ታጭቀን አየር ማረፊያ ሄድን። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ አየችና ያው መሃል ላይ ያለው ረድፍ ነው አለች። ሌላ ምንም የለም። ክቡርነታቸው ሜትራቸውን ከኪሳቸው መዘዙ። በቃ፣ ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምናድረው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

«ዝም በል አላዊ» አሉ ኡማ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ።

ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ሥር አስገቡ። ጥርሳቸውን ነክሰው እግራቸውን ቀስ እያሉ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ታጠፈ። እንደ ሰው ጉልበት አይሁን እንጂ ለዚያች ለጠባቧ ወንበር ይበቃል።

ኢካ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «መቼ ነው ይሄ?»

«አንተ ሱብሒ ልትሰግድ መስጊድ ስትሄድ። ወንበሮቹን አጥብበህ ትተሃቸው አይደል የምትሄደው? እነሱ ውስጥ ገብቼ ስለማመድ ነበር።»

«አያምሽም?»

«ያመኛል እንጂ። አንተን እንደዚያ ሆነህ ማየት ግን ይብሳል።»

አላዊ ኢካ ሜትራቸውን እንደያዙ ሰልፉ መሃል አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል?

ኢካ ኡማን እየገፉ ወደ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ግን በሩ ላይ ቆሙና ዞሩ። «ሻምሱ፣ የመመለሻውን አውሮፕላን ዓይነት አጣራ እሺ?»

«አጣርቻለሁ ኢካ» አልኳቸው።

እውነቴን ነበር። ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ነው ያጣራሁት።