ምንም አላየንም

ሲፈልግ የሚታወር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሀርጌሳ፣ ኮድቡር የሚባል ሰፈር አብሬው እኖራለሁ፤ ደረጄ ይባላል።

ከሀርጌሳ ወጣ ብሎ ማዕድን ሊቆፈር ነው ተባለና፣ መጀመሪያ መሬቱ ላይ የጥንት ሰው ቅርስ ካለ እንድናይ ቀጠሩን። ተሰልፈህ ትሄዳለህ፣ ያየህበት ቦታ ትንሽዬ ባንዲራ ትተክላለህ። ባንዲራ ያለበት አይቆፈርም። ቁፋሮው ላይ የሚቀጠረው ደግሞ ማነው? እኛው! ታዲያ ማን እብድ ነው የሚያይ?

ደረጄ ጠዋት ሰብስቦ መከረን። «ወንድሞቼ፣ ምንም አታዩም። በተለይ አንተ ጉረኛው፣ ሰማይ ሰማዩን እያየህ ሂድ!»

የኔ ዓይን እኮ የንስር ነው። አየር ማረፊያው ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ ውስጡ ማን እንዳኮረፈ ከሰፈር ሆኜ እነግራችኋለሁ። ግን ለእንጀራ ስል ታወርኩ። የሸክላ ስባሪ ረግጬ አለፍኩ።

ድንገት ደረጄ ቆመ። ፊት ለፊቱ ክብ የድንጋይ ክምር አለ፤ የድሮ መቃብር።

«እለፍ እንጂ!» አልኩት።

«በሰው ላይ?» አለና ኮፍያውን አውልቆ አማተበ። ባንዲራውን ተከለ።

አለቃችን ሱሌማን፣ የሐረር ልጅ ነው፣ እየሮጠ መጣ። «ማነው የተከለው? ወላሂ፣ እንጀራችንን የዘጋውን ሰው ነገ እዚህ እንዳላየው!»

ደረጄ አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ደረጄ እንባው እየመጣ «ወንድሜ፣ ለእኔ ብለህ ተባረርክ» አለኝ። ለእሱ ብዬ? ያን የመሰለ ግኝት ደረጄ አገኘው ሲባል ዝም ብዬ ልስማ እንዴ?