ዓሣ አዋቂው አበራ

አበራ መጣ ሲሉኝ በሰፈራ መንደራችን የጋራ እርሻ ላይ ማሽላ እየቆረጥኩ ነበር። ወደ አሶሳ ሳንመጣ፣ ገና ወሎ ሳለን፣ ባሕር በልቶታል ብለን ተዝካሩን ያወጣንለት የጎረቤቴ የዘነበች ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ ባለጠጎች ለጨዋታ ትልልቅ ዓሣ በሚያጠምዱባቸው ጀልባዎች ሲያገለግል ኖሮ፣ ያልዞረው ባሕር የለም አሉ።

አንባቢዬ፣ ዓለም ዞሮ የመጣ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? ስለ ጤናው ሲጠይቁት ስለ ማዕበል ይመልሳል። ዘነበች አራስ ነበረች፤ ጡቷ ደርቆ ሕፃኑ ያለቅሳል።

"ወንድምዬ፣ እስቲ ከዳቡስ ወንዝ አንድ ዓሣ አምጣልኝ፤ መረቁን ልጠጣ" አለችው።

"ይኼም ሥራ ሆኖ?"

መንደሩ ተከትሎት ወንዝ ወረደ። አበራ መንጠቆውን አሰናድቶ ገመዱን ለእኔ ሰጠኝ። "ይጎትቱ እመቤቴ። እኛ የጀልባ አገልጋዮች እናዘጋጃለን እንጂ አንይዝም።"

እመቤቴ የምትባለውስ የአምላክ እናት ናት፤ ቢሆንም ጎተትኩ። ክንዴን የሚያህል ዓሣ ወጣ። አበራ በስንዝር ለካው፣ ጀርባውን ዳበሰው፣ ቀስ አድርጎም ወደ ውሃው መለሰው።

"ምን አደረግህ አንተ?"

"ደንቡ ነው። ተለክቶ ይለቀቃል።"

ያን ሁሉ ዘመን ባሕር ላይ ኖሮ፣ ዓሣ እንደሚበላ የነገረው ሰው የለም?

አሁን ያ ዓሣ በአበራ አፍ ጥጃ አክሏል። ያን ቀን ወንዝ ዳር የነበራችሁ፣ ለምስክርነት ሲጠራችሁ ስለ ርዝመቱ ዝም በሉት። ይልቅ እህቱ ባዶ ውሃ ጠጥታ እንዳጠባች ንገሩልኝ።