ከድንጋይ ሽበትና ከግሪሳ የቱ ነን?

ሰውን ከሌላ ፍጥረት ጋር ማመሳሰል የሚወድ አለቃ አይጣልባችሁ። ሲያመሰግናችሁም ሲሰድባችሁም የሚጠቀመው እሱ ነው። እኔ ስለ ሁለት ፍጥረቶች ላጫውታችሁ፤ ንድድ ብሎኝ ነውና ድምፄ ከፍ ቢል አትቀየሙኝ። አንዱ የድንጋይ ሽበት ነው፣ አለት ላይ ግራጫ ሆኖ የሚለጠፈው። ዝናብ መጣ ቀረ ንቅንቅ አይልም፤ የማንንም እህል አይቀምስም። ሌላው ግሪሳ ነው። ከዘማሪ ወፎች ወገን ነው ይላሉ፤ እኔ የሰማሁት ግን ማሽላ ላይ ሲንጫጫ ብቻ ነው። እንደ ደመና መጥቶ፣ ማሳውን አራግፎ፣ እብስ ይላል።

ድንበር ተሻግረን ሱዳን፣ ቁረይሻ፣ በቀን ሠራተኝነት የምንውልበት እርሻ ውስጥ፣ ደሳለኝ የሚባል የመተማ ሰው አለ። ሥራው ማማ ላይ ወጥቶ ጅራፍ እያጮኸ ግሪሳ ማባረር ነው። ሌሎቻችን ማሽላ አጭደን ወደ አገር ስንመለስ እሱ ክረምት ከበጋ እዚያው ነው፤ ከአንድ አለት ሥር በጭቃና በሣር የሠራት ጎጆ አለችው። አገር ቤት ምንም የለውም። ያለችው እሷ ናት።

ማሽላው እሸት ሳለ ደሳለኝ የእናቱን ሙት ዓመት ሊያወጣ ፈቃድ ጠየቀ። የእርሻው ወኪል ትከሻውን መታ መታ አደረገና ወደ አለቱ አመለከተ።

«ወላሂ ደሳለኝ፣ አንተ እንደዚህ ሽበት ነህ። የዚህ ቦታ ሰው ነህ። ወዴት ትሄዳለህ?»

ደሳለኝ ቀረ። ይባስ ብሎ ደስም አለው።

ማሽላው ታጭዶ ጆንያ ከገባ በኋላ ያው ወኪል ተመልሶ መጣ። «ኸላስ፣ ሥራው አልቋል፤ ሐበሻ ሁሉ ይውጣ። እናንተ ግሪሳ ናችሁ፤ በልታችሁ መብረር ነው» አለና ጎጆዋን በትራክተር አስፈረሳት። ዕድሜውን ሙሉ ግሪሳ ሲያባርር የኖረን ሰው ግሪሳ አለው። ደሜ ፈላ። ደሳለኝ ግን ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠመጠመ።

ጓዛችንን ተሸክመን መንገድ እንደጀመርን፣ ዘግይቶ የተዘራውና ገና ያልታጨደው ማሳ ላይ ግሪሳው ወረደ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ይብላው፣ አንድ ፍሬ አያስቀር አልኩ። ዞር ስል ደሳለኝ ከጎኔ የለም። ማማው ላይ ወጥቶ ጅራፉን ያጮኻል።

«አያ ደሳለኝ፣ ምን ነካህ? ውረድ እንጂ» አልኩት ተናድጄ።

«ማሽላው ምን አረገኝ?» አለኝ።

ወኪሉ ከሥር ሆኖ ወደ ላይ እያየ ሳቀ። «አላልኳችሁም? ሽበት ነው» አለን።

ይህን ሲለን የቆመው ጎጆዋ ፍርስራሽ ላይ ነበር።