ቀዳዳ አይቶ የማያልፍ ሰው

አዲስ የተበሳ ቀዳዳ አይቶ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላጋጠመኝም።

ባለፈው ማራኪ ሰፈር ውስጥ፣ አናጢው አያ ተገኘ ለተከራየሁት ቤት የሠሩትን በር ግቢው መሃል አቁመው፣ የቁልፉን ቦታ በእጅ መሰርሰሪያ በሱት። ገና መሰርሰሪያውን ሳይነቅሉት ጎረቤቴ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ እየተጣደፈ መጣ፤ እንደነቀሉትም ጎንበስ ብሎ አጮለቀ።

«ምን ይታያል?» አለች ሚስቱ ከኋላው።

«ቆይ፣ አታጣድፊኝ!»

ከእሷ ኋላ አከራያችን ቆመዋል። ልብ በሉ፣ በሩ ገና አልተገጠመም!

አያ ተገኘ ግራ ገባቸው። «ምነው? በጎን ዞር ብትሉ ሁሉም ይታያል'ኮ!»

እውነታቸውን ነው። የተማረ ሰው እንዲህ ይሆናል? አፈርኩባቸው። ሄጄ ልገሥጻቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ከሰልፉ ከወጣሁ ተራዬ ያልፈኛል።