በአንድ ድምፅ የጸደቀው ቀለም

የጠቅላላ ምርጫ ኮሚሽን
የምርጫ ቁሳቁስ ንዑስ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የምርጫው ዋዜማ

ቦታ፦ የኮሚሽኑ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሻይ ክፍል። የስብሰባ አዳራሹ እስከ ጣሪያው በድምፅ መስጫ ሳጥን ስለተሞላ በሩን ለመክፈት የደፈረ የለም።

ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ተጀመረ። ሰብሳቢው «ይቅርታ፣ መንገዱ» ብለዋል። ቢሯቸው ከሻይ ክፍሉ ቀጥሎ ነው።

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢው። የቀድሞ ዜና አንባቢ ናቸው፤ ዛሬም ሲናገሩ ካሜራ የት እንዳለ ይፈልጋሉ።
2. የመጋዘንና ሥርጭት ኃላፊዋ። ሌሊቱን መኪና ሲያሰማሩ አድረው በዚያው የመጡ።
3. የሕግ አማካሪው። ከሁላችንም በዕድሜ ያንሳል፤ በመሥሪያ ቤቱ «አንቀጽ» ይባላል።
4. የሽማግሌዎች ተወካይ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው። የጆሯቸው መሣሪያ ባትሪ አልቋል።
5. ጸሐፊው፣ ያለ ድምፅ። ይጽፋል እንጂ እጅ አያወጣም ማለት ነው።

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት። አንደኛዋ ታመዋል፣ ሁለተኛው መስክ ናቸው፣ ሦስተኛው ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ ታይተው አያውቁም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አራት ያስፈልጋል፤ አራት ተገኝቷል። ስለዚህ አንድ ሰው ለደቂቃ እንኳ ብቅ ልበል ቢል ጉባኤው ይፈርሳል።

ስብሰባው ሳይከፈት ጸሐፊው የነገ ፈቃዱን አስታውሷል። በዚህ መሥሪያ ቤት ስንት ምርጫ ሲያስመርጥ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሚውል እሱ ራሱ አንድም ቀን መርጦ አያውቅም። ሚስቱ በዚህ ትስቅበታለች። ዘንድሮ ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ስለሞላት ነገ አባትና ልጅ አብረው ተሰልፈው የመጀመሪያ ድምፃቸውን ሊሰጡ ተቃጥረዋል። ሰብሳቢው «ይሄማ መብትህ ነው፣ ማን ይከለክልሃል» ብለዋል። ጸሐፊው ይህን ቃል በቃል ይዞታል።

አጀንዳ አንድ፦ ነገ በየጣቢያው መራጮች ጣታቸውን የሚነክሩበትን የማይለቅ ቀለም መርምሮ ማጽደቅ። የዕለቱ አጀንዳ ይህ ብቻ ነበር።

ኃላፊዋ አንድ ብልቃጥ ቀለም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ዕቃው ዘግይቶ በመግባቱ በቀጥታ ወደ ጣቢያዎቹ መላኩን፣ ኮሚቴው አሁን የሚያጸድቀውም ተልኮ ያለቀ ነገር መሆኑን አስረዱ። የሕግ አማካሪው ቅደም ተከተሉ እንዳላስደሰተው ገለጸ። ኃላፊዋም እሳቸውን የማያስደስቷቸው ብዙ ነገሮች እንዳሉ ገለጹ።

ሰብሳቢው ነገ ማለዳ በቴሌቪዥን ፊት የመጀመሪያውን ድምፅ የሚሰጡት እሳቸው መሆናቸውን፣ ከዚያም ጣታቸውን ለካሜራ እንደሚያሳዩ፣ ስለዚህ ቀለሙ ከአዲሱ ሱፋቸው ጋር መሄድ አለመሄዱ ኮሚቴውን እንደሚመለከት ተናገሩ። ይህን ብለው የግራ እጃቸውን ጠቋሚ ጣት ነከሩ። ኃላፊዋ ዕቃቸውን ላለማሳማት ነከሩ። የሕግ አማካሪው ብቻውን ላለመቅረት ነከረ። ጋሼ ሁሉም ሲነክር አይተው ነከሩ፤ ሊልሱት ሲሉ ኃላፊዋ ቶሎ ብለው እጃቸውን ያዙ። ጸሐፊው በቀኙ እየጻፈ በግራው ወረቀቱን ከቬንትሌተሩ ነፋስ ይጠብቅ ስለነበር አልነከረም።

ቀለሙ ሐምራዊ ነው፣ የለም ወይን ጠጅ ነው በሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ። ጋሼ ሰማያዊ ነው ብለዋል። ከረዥም ውይይት በኋላ ቀለሙ ቀለም መሆኑ ተወስኗል። (ውሳኔ 1)

አጀንዳ ሁለት (ሳይጠራ የመጣ)፦ ኮሚቴው መምረጡ

የሕግ አማካሪው ጣቱን እያየ መመሪያውን አወጣና አነበበ። «የግራ እጅ ጠቋሚ ጣቱ ላይ ቀለም የታየበት ሰው ድምፅ እንደሰጠ ይቆጠራል፤ ዳግመኛ ድምፅ መስጠት አይችልም» ይላል። ከዚያ «ክቡር ሰብሳቢ፣ እኛ እኮ መርጠናል» አለ።

ሰብሳቢው ማንን እንደመረጡ ጠየቁ። የሕግ አማካሪው ድምፅ ምስጢር ስለሆነ ሊታወቅ አይችልም ሲል መለሰ።

ሰብሳቢው የቴሌቪዥን ፕሮግራማቸው አደጋ ላይ መውደቁን በመገንዘብ፣ ነገ በመላ አገሪቱ የሚነከረው ጣት የቀኝ እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ኃላፊዋ፣ የግራ ጣት የሚያሳየው ፖስተር በየጣቢያው በር ላይ መለጠፉንና መኪኖቹ መሄዳቸውን ጠቅሰው፣ የሄደውን መኪና ሰብሳቢው ራሳቸው ሮጠው ይመልሱት ሲሉ ደገፉ። ሐሳቡ ለጊዜው እንዲቆይ ሆነ።

ቀጥሎ ጣታችንን እንታጠብ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የሕግ አማካሪው፣ ቀለሙ ከለቀቀ የማይለቅ አይደለምና ነገ ምርጫ የለም፤ ካልለቀቀ ደግሞ እኛ አንመርጥም አለ። ሰብሳቢው ሦስተኛ አማራጭ ያለው እንዲያቀርብ ጠይቀው የቀረበ የለም። ስለዚህ መታጠቡ ድምፅ ይሰጥበት ተባለና አራት ባለቀለም ጣቶች ወደ ላይ ወጡ።

የሕግ አማካሪው የገዛ እጁን እያወረደ፣ አንቀጹ «ዳግመኛ ድምፅ መስጠት አይችልም» ሲል የትኛውን ድምፅ እንደሆነ አለመለየቱን አስረዳ። በዚህ መሠረት ከኮሚቴው አባላት ድምፅ ያለው የለም። ጋሼ ምን እንደተባለ ጠየቁ። ኃላፊዋ ጆሯቸው ላይ ተጠግተው «ድምፅ የለንም» አሏቸው። ጋሼም «እኔስ ጆሮዬ መስሎኝ ነበር» ብለዋል።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ንጹሕ ጣት የጸሐፊው ብቻ መሆኑ የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ሰብሳቢው ለጸሐፊው ጊዜያዊ ድምፅ ሰጡት። ጸሐፊው ልማዱ መጻፍ እንጂ መወሰን አለመሆኑን ገልጾ ነበር፤ ሰብሳቢው «አገር ስትጠራህ ታንገራግራለህ?» ስላሉት ተቀብሏል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎታል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ባልታየ ፍጥነት ሄደ። ኮሚቴው ይታጠብ የሚለው በአንድ ድምፅ ጸደቀ። (ውሳኔ 2) ቀለሙ ካልለቀቀ «ይህ የሙከራ ቀለም ነው» የሚል ባለማኅተም ደብዳቤ ይሰጥ የሚለው በአንድ ድምፅ ጸደቀ። (ውሳኔ 3) ጸሐፊው በራሱ አነሣሽነት የሻይ ክፍሉ ቬንትሌተር ይጠገን ሲል አቀረበ፣ ደገፈ፣ አጸደቀ። (ውሳኔ 4) የጸሐፊው የነገ ፈቃድ በምንም ምክንያት እንዳይነካ በአንድ ድምፅ ጸደቀ። ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ የለም፤ ከየት ይመጣል? (ውሳኔ 5) ሰብሳቢው ጸሐፊው ነገሩን እንዳይለምደው አሳስበዋል። ጸሐፊው ማሳሰቢያውን መዝግቦ ለድምፅ አቀረበው። ወደቀ።

አጀንዳ ሦስት፦ መታጠብ

የሻይ ክፍሉ ቧንቧ ውኃ የለውም። ያለው ኮሪደሩ ጫፍ የጽዳት ሠራተኞች ባልዲ የሚሞሉበት ቧንቧ ነው። አንድ ሰው ተነጥሎ ቢሄድ ምልዓተ ጉባኤው ስለሚፈርስ ኮሚቴው በአንድነት ተነሣ። ጋሼ ቀስ ብለው ስለሚሄዱ ጉባኤውም ቀስ ብሎ ሄደ። ጸሐፊው እየተከተለ ጽፏል፤ በዚህ ቦታ ጽሑፉ የተጣመመው ለዚህ ነው።

በሳሙና ተሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። ከሻይ ሠሪዋ ሎሚ ተለምኖ ተሞከረ፤ ትንሽ ደበዘዘ። በመጨረሻ ኃላፊዋ ከጽዳት ዕቃው መሐል በረኪና አግኝተው በጨርቅ ቢያሹት ቀለሙ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ሰብሳቢው ንጹሕ ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው ለሁሉም አሳዩ። በየተራ ታሹና የአራቱም ጸዳ።

ኃላፊዋ ግን አልተደሰቱም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብለው፣ ያ ሁሉ መኪና የጫነው ውኃ ነው እንዴ፣ በረኪና የሌለው ቤት የት አለ፣ ነገ አንዱ ሰው አሥር ጊዜ ሲመርጥ ሊውል ነው እኮ አሉ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። የሕግ አማካሪው በመመሪያው መሠረት ምርጫው እንዲራዘም ማድረግ ግዴታ መሆኑን አነበበ። ሲያነብ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ጋሼ ምን እንደተፈጠረ ስላልሰሙ ከሻይ ክፍሉ ይዘውት የመጡትን ብልቃጥ አንሥተው ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ከመጠቀምዎ በፊት በደንብ ይነቅንቁ» ይላል።

የነቀነቀ አልነበረም። ለጣቢያዎቹም ነቅንቁ ብሎ የነገረ የለም። ኃላፊዋ ብልቃጡን ተቀብለው እጃቸው እስኪዝል ነቀነቁ። ቀለሙ ወፍሮ ጠቆረ። አሁን የሚያስፈልገው በረኪና ያልነካው አዲስ የግራ ጠቋሚ ጣት ብቻ ነበር፤ መመሪያው ሌላ ጣት አያውቅም። አራቱም ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

ጸሐፊው ነገ ልጁ እንደምትጠብቀው አስታወሰ። የሕግ አማካሪው፣ ጸሐፊው ዛሬ በተደጋጋሚ ድምፅ መስጠቱንና ድምፅ የሰጠ ሁሉ ጣቱን መንከር እንዳለበት ጠቀሰ። ሰብሳቢው «በረኪናው አለ አይደል፣ ምን ያስፈራሃል» አሉ። ጸሐፊው በሁለቱም ቃል አልተበገረም። ኃላፊዋ ግን ከባልዲው ተነሥተው «ወንድሜ፣ ይሄ ቀለም የማይሠራ ከሆነ ነገ ልጅህም አትመርጥም፣ ማንም አይመርጥም። የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አንተን በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ» አሉት። ጸሐፊው ጣቱን ሰጠ።

በሳሙና ታሸ። በሎሚ ታሸ። በረኪናው እስኪያልቅ ታሸ። የሕግ አማካሪው በድስት መፈግፈጊያ ሞከረ፤ ቆዳው ተላጠ እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም። ኮሚቴው በደስታ አጨበጨበ። ጋሼ ጸሐፊውን አቅፈው «እንኳን ደስ ያለህ ልጄ» ብለዋል፤ ምን እንዳገኘ የመሰላቸው አልታወቀም።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

የሕግ አማካሪው የአራቱ አባላት ጣት ስለጸዳ አለመምረጣቸው መረጋገጡን፣ ካልመረጡ ደግሞ ድምፃቸው ከመጀመሪያውም አብሯቸው እንደነበር፣ እነሱ ድምፅ እያላቸው ጸሐፊው የሰጠው ድምፅም ሕገወጥ እንደሚሆን አስረዳ። ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ቀለሙ በሙሉ ድምፅ ጸድቆ፣ ከውሳኔ 1 እስከ ውሳኔ 5 ያሉት በሙሉ እንዲሻሩ፣ የጸሐፊው ድምፅ እንዲሰረዝና እንዳልተሰጠ እንዲቆጠር ተወሰነ።

ጸሐፊው ድምፁ ካልተሰጠ ነገ መምረጥ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። የሕግ አማካሪው አንቀጹ የሚያየው ጣቱን እንጂ ድምፁን አይደለም አለ። ጸሐፊው የሙከራ ቀለም ደብዳቤው ይሰጠኝ አለ። እሱ ውሳኔ 3 ስለነበር ተሽሯል። ፈቃዴስ ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለመምረጥ መሆኑን፣ መርጦ መጨረሱ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ መሆኑን ገልጸው፣ ለሁሉም ጣቢያ «ነቅንቁ» እያለ የሚደውል ሰው ስለሚያስፈልግ ጸሐፊው ከአሁን ጀምሮ ስልክ ላይ እንዲሆን አዘዙ። ጸሐፊው ቅሬታው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝለት ጠይቋል። ሰብሳቢው ድምፅ የሌለው ሰው ቅሬታውን ማስያዝ አይችልም ብለዋል። ጸሐፊው ግን ይዞታል፤ እስክሪብቶው እሱ እጅ ነው።

አባላቱ ሳያነቡ ፈርመዋል። ሰብሳቢው ሱፋቸውን ከልብስ ንጽሕና ቤት ለማውጣት ቀድመው ወጡ። የስብሰባው መዝጊያ ሰዓት ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ሆኖ ተመዝግቧል።

ጸሐፊው የመጀመሪያውን ስልክ የደወለው ወደ ቤቱ ነው። ልጁ ነገ ምን እንደምትለብስ እየነገረችው ሳለ አቋርጧት እሱ መምረጡን አሳወቃት። ሳቀችና «አባዬ ደግሞ፣ ዛሬ ማን ያስመርጣል? ለማን መረጥክ?» አለችው።

«ለቀለሙ» አላት።

«ታዲያ አሸነፈ?» ስትል ጠየቀች።

«አሸነፈ። ነገ በጠዋት ሄደሽ ተሰለፊ እሺ፣ እኔን አትጠብቂኝ» ብሏት ወደሚቀጥለው ቁጥር ደወለ።