ልብ አንባቢው ገንዳ ውሃ መጣ

የሰው ልብ አነባለሁ የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገንዳ ውሃ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ገጥሞኛል፤ ነገሩ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ሠርግ ላይ ሰው በማስገረም ጀምሮ መድረክ የለመደ፣ ኋላም በቴሌቪዥን የታወቀ ሰው ነው። በዚያ ሙቀት ከረባቱን እንዳሰረ ጎረቤቴን እማማ ጥሩነሽን ወደ መድረክ ጠራቸውና ትክ ብሎ አያቸው።

«ሩቅ ያለ ሰው እያሰቡ ነው» አላቸው።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚህ ጠረፍ ሩቅ ያለ ሰው የማያስብ ማን አለ?

እማማ ግን እጁን ጥብቅ አድርገው ያዙት። «ልጄ ነው። ሱዳን ተሻግሮ፣ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ድምፁ ጠፋብኝ። በሕይወት አለ?»

የሰውየው ፈገግታ ጠፋ። ማይክራፎኑን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ እኔ አላውቅም። ይሄ ጨዋታ ነው፤ ፊትዎን አይቼ ገምቼ ነው» አላቸው፤ የሰማነው ፊት ወንበር ላይ ያለነው ብቻ ነን።

መቼም መድረክ ላይ ቆሞ እውነት ሲናገር ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

እማማ ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሰምተውታል አይደል? ምንም አያውቅም እኮ» አልኳቸው።

«አንተዬ፣ ክፉ ነገር ታይቶት ነው የደበቀኝ» አሉና፣ ሕዝቡ ገና እያጨበጨበ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቁ።